ሰባት ቁጥር ገመድ

ቢላል አብዱሰመድ ከዘጠነኛ ፎቅ ወድቆ የሞተው የልደታ ማርያም በዓል በተከበረ ማግስት፣ ግንቦት ሁለት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። እኔ ስደርስ የሲሚንቶ ከረጢት አልብሰውታል። ከረጢቱ ስላልበቃ እግሮቹ ውጭ ቀርተዋል፤ አንደኛው ላይ ጫማ የለም። ሠራተኞቹ ሁሉ አዲስ ቢጫ ሄልሜት ደፍተው ዳር ቆመዋል። ሄልሜቶቹ የተጠቀለሉበት ላስቲክ እንኳ በቅጡ አልተላጠም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

«ሄልሜቱን ማን አደላቸው?» አልኩ።

«ፎርማኑ ነው» አለች ረዳቴ ሳጅን ትሕትና። «እኛ ከመድረሳችን አሥር ደቂቃ ቀደም ብሎ። ኢንስፔክተር፣ ወደ ላይ ይመልከቱ።»

ቀና አልኩ። ሟቹ ይሠራበት ከነበረው ቦታ በላይ፣ አንድ ብረት ላይ መንጠቆ ተሰክቷል። ከመንጠቆው ክንድ የማይሞላ የገመድ ብጣሽ ተንጠልጥሎ በነፋስ ይወዛወዛል። የቀረው ገመድ ከሟቹ ጀርባ፣ ከቤልቱ ጋር እንደተያያዘ ነው።

ልጁ ማድረግ ያለበትን ሁሉ አድርጓል። ቤልቱን ታጥቋል፣ ገመዱን ከራሱ በላይ ካለ ብረት ላይ ሰክቷል፣ መንጠቆውን ቆልፏል። የከዳው ገመዱ ነው። ታስሮ የሞተ ሰው ያናድደኛል። ሳይታሰር ቢሞት ኖሮ ጥፋቱን ለሟቹ ሰጥተን ወደ ቢሯችን እንመለስ ነበር። እንዲህ ያለ መዝገብ ስንቱን ዘግቻለሁ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ትሕትና ጎንበስ ብላ የተበጠሰውን ጫፍ አየች። ገመዱ እንደ መቀነት ጠፍጣፋ ነው። ጫፉ በአንድ በኩል ተንጨባርሯል፣ በሌላ በኩል ግን ቀጥ ያለ መስመር ይዟል።

«እዚህ ጋ ስለት ነክቶታል» አለች። «ሰው ቆርጦታል።»

እኔም እንደዚያ መሰለኝ።

ፎርማኑ ሰላሁን ይባላል። ሃምሳን የተሻገረ፣ ወፍራም፣ በየንግግሩ መሃል ከንፈሩን የሚልስ ሰው ነው። የስቶሩም ቁልፍ በእጁ ነው።

«ልጁ ጠላት ነበረው?»

«እኔ ሰው ማማት አልወድም።»

ሰው ማማት አልወድም የሚል ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ለማንም አይጠፋውም። ጠበቅኩት።

«ግን ሳኒ የሚባል ጓደኛው አለ። ዛሬ ጠዋት ስቶሩ በር ላይ ተናንቀው ነበር። ሳኒ ገመዱን ከላዩ ላይ ሊቀማው ሲታገል አገር አይቶታል። ከዚያ ጥሎ ሄደ። እኔ ታች ነበርኩ፣ ኮንክሪት እያስቦካሁ። ሃያ ሰው ይመሰክርልኛል።»

ማንም ሳይጠይቀው ሃያ ምስክር ቆጠረልኝ። ይህን ልብ ብዬ ነበር። ልብ ማለት ብቻውን ግን ምን ይሠራል?

የበሩ ዘበኛ መዝገብ ሳኒ በሁለት ሰዓት ከሃያ እንደወጣ ይናገራል። ቢላል የወደቀው ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ነው። ግን ገመድ ቆርጦ ሰው የሚገድል፣ ገመዱ ሲበጠስ እዚያ መገኘት የለበትም። ሳኒ ይፈለግ ብዬ አዘዝኩ።

የቢላል አባት ያን ቀን ከሰዓት ጣቢያችን በረንዳ ላይ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አቶ አብዱሰመድ ይባላሉ፤ የወሎ ሰው ናቸው፣ አዲስ አበባ አርባ ዓመት ኖረዋል። ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። አስከሬኑ ለምርመራ ስለተወሰደ ልጃቸውን በዕለቱ መቅበር አልቻሉም። ይኼ ራሱ አንድ ሞት ነው።

ቃላቸውን ስቀበል ፎርሙ ላይ «ሥራ» የሚል ቦታ አለ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሱቅ አለኝ አሉኝ። «ነጋዴ» ብዬ ሞላሁ። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ስለ ሥራው ምን ይጠየቃል ብዬ ነው። የሃያ ዓመት መርማሪ ነኝ ባይ!

«ልጄ» አሉኝ፣ «አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ያደረገው ማን እንደሆነ ስሙን ንገረኝ።»

«ለምን ፈለጉት?»

«ደም ልመልስ አይደለም። በቀን አምስት ጊዜ እሰግዳለሁ። በአምስቱም ሶላት ስሙን ጠርቼ ለአላህ እከሰዋለሁ። እስክሞት። ሌላ ምን አቅም አለኝ?»

«ስሙን አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው።

ለሟች ቤተሰብ ቃል አይገባም፤ አዲስ ለሚቀጠሩት የማስተምረው እኔ ነኝ። ግን ገባሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት እየመጡ እዚያችው አግዳሚ ላይ ይውሉ ጀመር። ልጃቸውን ከቀበሩም በኋላ አልተዉም። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ዓይናቸው አፌን ያያል።

ሳኒን በሦስተኛው ቀን ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ እህቱ ሚስራ ቤት አገኘነው። አልሸሸም፣ አልታገለም። እንዲያውም እኛን ሲያይ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

«ከቢላል ጋር በምን ተጣላችሁ?» አልኩት ጣቢያ ካስገባሁት በኋላ።

«ገመዱን እንዲያወልቅ።»

«ለምን?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ቆርጠኸዋል?»

«ወንድሜ ማለት ነው እኮ! አብረን ነው ከሰፈር የወጣነው።»

«ታዲያ ለምን እንዲያወልቅ ፈለግክ?»

«እሱን አትጠይቀኝ።»

«ሰው ሞቷል። ምን አባክ ነው አትጠይቀኝ የምትለው?»

«አትጠይቀኝ አልኩህ። እሰረኝ።»

አሰርኩት። እጁ በካቴና ሆኖ በበረንዳው ስናሳልፈው አቶ አብዱሰመድ ከአግዳሚው ተነሡ። በግራ እጃቸው በጥፊ መቱት። ጥፊው ጮኸ፤ ግቢው ሁሉ ዞረ።

«ቤቴ በልተሃል» አሉት። «ከልጄ ጋር ከአንድ ትሪ በልተሃል።»

«ይምቱኝ፣ አባባ» አለ ሳኒ። አንገቱን ደፋ።

ደገሙት። ማስቆም ነበረብኝ፤ አላስቆምኩም። ገዳዩን ያገኘሁ መስሎኝ ነበርና ጥፊው እኔንም ደስ አለኝ። ትሕትና ናት መሃል ገብታ ሽማግሌውን የያዘቻቸው።

እድላዊት ባትመጣ ኖሮ መዝገቡ እዚያ ላይ ይዘጋ ነበር። የሕንፃው የሴፍቲ ባለሙያ የነበረች ናት፤ ነገር አበዛሽ ተብላ ቢላል ከመሞቱ ሦስት ሳምንት በፊት ወደ ዋናው ቢሮ፣ ወደ ወረቀት ሥራ ተዛውራለች። ገመዱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁላት። የተበጠሰውን ጫፍ ትታ ከጫፉ አጠገብ እንደ ትንሽ ትራስ የወፈረውን ቦታ አገላብጣ ማየት ጀመረች። ፊቷ ተለወጠ።

«ይኼ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«እዚህ ውስጥ ከሜትር በላይ ጥብጣብ ታጥፎ ተሰፍቷል። ስፌቱ የተሠራው እንዲቀደድ ነው። ሰው ሲወድቅ ክሩ እየተተረተረ፣ ጥብጣቡ እየተዘረጋ አወዳደቁን ያለዝብለታል። ካልተተረተረ ግን ሰውየውም ገመዱም ግንብ የገጨ መኪና ናቸው።»

«እና?»

«አልተተረተረማ! ይዩት። ይኼ የፋብሪካ ስፌት አይደለም። የሰው እጅ ነው።»

ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። የእያንዳንዱን ገመድ ቁጥር ጽፋ የያዘችበት ነው። ገመዱ ላይ የተሰፋው ምልክት ሰባት ቁጥር ይላል። በደብተሩ በሰባት ቁጥር ትይዩ፣ መጋቢት አሥራ አንድ ቀን፣ «ሳኒ ከስድስተኛ ፎቅ ወደቀ። ገመዱ ይዞታል። ይወገድ» ተብሎ ተጽፏል።

«አንድ ጊዜ ሰው ያተረፈ ገመድ ሁለተኛ አይታሰርም» አለች። «ሥራውን ጨርሷል። አይጠገንም፣ አይሰፋም። ደንቡ ማንም መልሶ እንዳይጠቀምበት ሁለት ቦታ ቆርጦ መጣል ነው።»

«ቆረጥሽው?»

ደብተሯን ዘጋች።

«ቀይ ቀለም ቀባሁትና ስቶር አስቀመጥኩት። መቁረጫ ላመጣ ስነሣ ስልክ ተደወለልኝ። ከዚያ ረሳሁት።»

ቀለሙን አንድ ሰው በቲነር ጠርጎታል፤ ጥርዙ ላይ ትንሽ ቅላት ቀርቷል። ልጅቷ አለቀሰች። ላጽናናት አልፈለግኩም።

«የተበጠሰውስ ከየት ነው?» አልኳት።

«ከስፌቱ ጥግ፣ ወስፌ የበሳው መስመር ላይ። ቀዳዳዎቹ ተራ ስለያዙ ነው ስለት የነካው የመሰለዎት። ክሩ ግን አንድም ቦታ አልላላም። የሰፋው ሰው በጣም ጎበዝ ነው።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ትንሽ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ይቀደድ ነበር፤ ልጁም ይተርፍ ይሆናል።»

ስለዚህ ማንም አልቆረጠውም። አንድ ሰው የተጣለ ገመድ አሰፋ፤ አንድ ሰው ሰፋው። አገሩ እንዲህ ነው፤ ጫማ ይሰፋል፣ ጎማ ይጠገናል፣ የተሰበረ ወንበር በሚስማር ይመታል። የተቀደደን ነገር መጣል ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። እንዲቀደድ የተሠራ ነገር አለ ብሎ የነገረን የለም።

ገመዱን በላስቲክ ጠቅልዬ ሰፊ ወደሚበዛበት ተክለ ሃይማኖት ሄድኩ። ማኑ የሚባል ጫማ ሰፊ ስፌቱን በጥፍሩ እየተከተለ አየው።

«ሰም የጠጣ ድርብ ክር ነው» አለ። «በየአሥሩ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው የቋጠረው። ደግሞ ግራኝ ነው፤ ዘንበል ያለበትን አየኸው? የጫማ ሰው አይደለም። የመኪና ሸራ የሚሰፉት ጋ ሂድ፤ እዚያ ግራኝ አንድ ነው። አረንጓዴ በር።»

አረንጓዴው በር ተቆልፏል። አጠገቡ ሚስማር የምትሸጥ ወይንሀረግ የምትባል ሴት ነበረች።

«ሸራ ሰፊው የት ሄዱ?»

«ምነው፣ አልሰማህም? ልጁ ከፎቅ ወድቆ ሞቶበት! ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ከፍቶ አያውቅም። ፖሊስ ጣቢያ ነው አሉ የሚውለው፤ በረንዳው ላይ።»

ሚስማር ሣጥኗ ላይ ተቀመጥኩ። ሴትየዋ ውኃ ሰጠችኝ።

«ሰሞኑን ይኼን የመሰለ ነገር ያመጣላቸው ሰው አይተሻል?»

«እኔ አገር ቤት ክርስትና ሄጄ ሚያዝያን ሙሉ አልነበርኩም። እሱን እሱኑ ጠይቀው።»

ጣቢያ ስመለስ ሽማግሌውን ሳላያቸው በጀርባ በር ገባሁ። ቀጥታ ሳኒ ዘንድ ሄድኩ።

«ስለ አባትየው ብለህ ነው ዝም ያልከው» አልኩት።

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ሰባት ቁጥርን አወቅኩት» አለ። «እኔን ያተረፈኝ ገመድ ነው። ሲቀደድ በዓይኔ አይቻለሁ። አውልቅ አልኩት። ሰላሁን "የአባትህ እጅ ነው፤ ምን ያስፈራሃል?" አለው። ቢላል አየው፤ ስፌቱን አወቀው። ሳቀ። "ሳኒ፣ የአባቴ ስፌት አይለቅም" አለኝ። ልነጥቀው ስታገል ሰላሁን አባረረኝ።»

«ሰላሁን አባቱን ከየት አወቀ?»

«ቢላል ነዋ! አባቴ የማይሰፋው ነገር የለም እያለ ሲኩራራ ነው የሚውለው።»

«ይኼን ሁሉ ይዘህ ጥፊ ቀመስክ?»

«ታዲያ ምን ልበላቸው? ጥፊው ይሻላል።»

ሰላሁንን ያንኑ ቀን አስመጣሁት። ወንበሩን አመቻችቶ ተቀመጠ።

«ማን አሰፋው?» አለ። «ከፋብሪካ እንዲህ ሆኖ የመጣ ነው። ሳኒ ያባረርኩት ሰው ነው፣ ይጠላኛል። ያቺ ልጅም ከቦታዋ የተነሣችው በኔ ነው የሚመስላት። የአባትህ እጅ አልክ የሚለኝም ያው ሳኒ ብቻ ነው። ሌላ ማን አለህ?» ከንፈሩን ላሰ።

ያለኝ አንድ ሰው ነበር። ከበሩ ውጭ ተቀምጧል።

«አያድርጉት» አለችኝ ትሕትና ኮሪደሩ ላይ። «ሌላ መንገድ እንፈልግ።»

«የለም።»

«እንግዲያው ይለቀቅ። እኚህን ሰውዬ ከምንገድላቸው።»

«እሱ ሲለቀቅ ስቶሩን ከፍቶ ነገ ሌላውን ልጅ ያስራል። ጥሪያቸው።»

አልጠራቻቸውም። ራሴ ጠራኋቸው።

አቶ አብዱሰመድ ገብተው ተቀመጡ። ወፍራሙን የገመድ ክፍል ብቻ፣ ቁጥሩ እንዳይታይ አድርጌ ፊታቸው አኖርኩ። መነጽራቸውን አደረጉ። ግራ አውራ ጣታቸውን በስፌቱ ላይ አስኬዱት። እስከዛሬ እንዴት እንዳላየሁት አላውቅም፤ ጣቱ ክር የቆፈረው ቦይ አለው።

«ይኼማ የኔ ነው» አሉ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ፊታቸው ሲፈታ ያን ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። «ከየት አገኛችሁት?»

«ማን አመጣልዎ?»

«አንድ ወፍራም ሰው፤ ከንፈሩን ይልሳል። የመኪና ጭነት ማሰሪያ ነው፣ አጥብቀው ስፉልኝ አለኝ። እኔም በድርብ ክር አጠበቅኩት። ምነው?»

«ቢያዩት ያውቁታል?»

«አሳምሬ።»

ትሕትና ትጽፋለች። ሰላሁን በዚያች ደቂቃ አልቆለታል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሽማግሌው ገመዱን ገለበጡት፤ ቁጥሩን አዩ፣ የደረቀውን ደም አዩ። እጃቸው ቆመ።

«ቢላል ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

ውጭ ታክሲ ረዳቶች ይጣራሉ።

«ስፌቴ ለቀቀ?» አሉ።

«አልለቀቀም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ እንባቸው ወረደ። «አልለቀቀም። አልለቀቀም።»

ትሕትና ቀና ብላ አየችኝ። እዚህ ላይ ተወው ማለቷ ነው። መተው እችል ነበር። ግን የባለሙያዋ ቃል ችሎት ላይ ይነበባል፤ ሰላሁን ባለበት፣ ያገሩ ሰው ተኮልኩሎ ባለበት። እዚያ ከሚሰሙት እዚህ ይስሙት ብዬ ነው። ለራሴ የምነግረው ይኼንን ነው።

«አባባ፣ መልቀቅ ነበረበት» አልኳቸው።

አስረዳኋቸው። አራት ዓረፍተ ነገር አልሞላም። እያንዳንዱን ራሳቸውን እየነቀነቁ ተቀበሉኝ። የሥራ ሰው ናቸው፤ ስለ ክርና ስለ ጥብጣብ ሁለቴ አይነገራቸውም።

«ስም አመጣልዎታለሁ ብዬ ነበር» አልኩ መጨረሻ ላይ። «ሰላሁን ይባላል።»

«አንዱን ነገርከኝ» አሉ። «ሁለተኛውን አውቀዋለሁ። ሁለቱንም እጠራለሁ።»

ቃላቸው ተነበበላቸው፤ በግራ እጃቸው ፈረሙ። ከዚያ ከኪሳቸው ትንሽ ምላጭ አወጡ። ትሕትና ደንግጣ ተነሣች። እሳቸው ግን ገመዱን ነበር ወደ ራሳቸው የሳቡት።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ልፈታው።»

«ምኑን?»

«ስፌቱን ነዋ። ልጄን መልስልኝ አላልኩህም። ስፌቴን ልፍታ። አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም።»

«ኤግዚቢት ነው፣ አባባ። አይነካም።»

ገመዱን ከጣታቸው ሥር ስቤ ወሰድኩ። አልለቀቁም ነበር፤ ትንሽ ጎተትኩ። ከረጢት ውስጥ ከትቼ አሸግኩት፤ ቀኑንና የመዝገቡን ቁጥር ጻፍኩበት።

«መቼ ትሰጠኛለህ?»

«ፍርዱ ሲያልቅ።»

«ይቆያል?»

«ዓመትም ሊፈጅ ይችላል።»

ምላጩን በወረቀት ጠቅልለው ወደ ኪሳቸው መለሱት። ወጥተው አግዳሚው ላይ፣ የለመዱት ቦታ ተቀመጡ። ሳኒን ያን ቀን በጀርባ በር ነው ያስወጣሁት። ሽማግሌው በማግሥቱም መጡ።